ቡችላው «ወረቀት አለው» ሲባል ምን ማለት ነው?

የናቲ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ ውሻ ነው፣ አትሳቁብኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ ጀርመን ሸፐርድ ካልገዛሽልኝ እያለ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲነዘንዘኝ ከርሞ ዘንድሮ እጄን ሰጠሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ በስልክ «ውሻ እቤት ውስጥ? ምንጣፍ ላይ?» ብላ ሦስት ቀን አኩርፋኛለች፣ እሱን ተዉት።

አሁን ሁለት ሻጮች አግኝቻለሁ። አንደኛው 1,800 ዶላር ይላል። ቡችሎቹ «የኤኬሲ ወረቀት አላቸው» አለኝ፣ ግን «ሊሚትድ» ነው፤ ሙሉውን ከፈለግሽ 700 ጨምሪ ብሎኛል። ሁለተኛዋ 900 ነው የምትለው። የሷ ደግሞ «ሲኬሲ» ነው። ልዩነቱ ምንድነው ብላት «ያው አንድ ነው» ብላ አለፈችው። መኪና ስገዛ ታይትሉን አይቼ ነው፤ የውሻ ወረቀት ግን ምኑን አይቼ ምኑን እንደምተው አላውቅም። ማነው የሚሰጠው? መንግሥት ነው? ወረቀት ካለው ጤነኛ ነው ማለት ነው? ለ700 ዶላሩስ ምን አገኛለሁ? የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ፣ ቅዳሜ ልሄድ ነው።

አሠልጣኙ ከቨርጂኒያ፦

እህቴ፣ እንኳን ሳትገዢ ጠየቅሽ። እኔ ጋ የሚመጣው ሰው አብዛኛው ገዝቶ ሲያበቃ ነው የሚጠይቀው። ውሻ ማሠልጠን እንጀራዬ ከሆነ 14 ዓመት አልፎኛል፣ ወረቀት በየዓይነቱ አይቻለሁ።

መንግሥት አይደለም። ኤኬሲ ማለት አሜሪካን ኬነል ክለብ ነው። በ1884 ፊላደልፊያ ላይ የ13 ክለቦች ተወካዮች ተሰብስበው ያቋቋሙት ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። እስከ ዛሬም አባላቱ ክለቦች ናቸው፣ እኔና አንቺ በግላችን አባል መሆን አንችልም። የእድሮች ኅብረት በይው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አርቢው ሴቷን ከወንዱ ጋር ያዳቅላል፣ ሁለቱም ቀድመው መዝገብ ላይ መኖር አለባቸው። ስትወልድ «ይህን ያህል ወንድ፣ ይህን ያህል ሴት» ብሎ ያስመዘግባል፤ አባትየው የሌላ ሰው ውሻ ከሆነ ባለቤቱም ያረጋግጣል። የዕድሜ ገደብ አለ፤ እናትየዋ ከ8 ወር በታች ወይም ከ12 ዓመት በላይ ከሆነች ያለ ልዩ ማስረጃ አይመዘግቡም። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቡችላ ማመልከቻ ይመጣለታል። ያንን ነው ላንቺ የሚሰጥሽ። ስም ታወጪለታለሽ፣ ትከፍያለሽ፣ ትልኪያለሽ፣ ሰርተፍኬቱ በስምሽ ይመጣል። አለቀ።

አስተውለሻል? በዚህ ሁሉ መሀል ቡችላሽን በዓይኑ ያየ ሰው የለም። ኤኬሲ ተቆጣጣሪዎች አሉት፣ ግን የሚሄዱት አርቢዎቹ ግቢ ነው፣ ያውም ሁሉም ጋ አይደርሱም። ዋናው ነገር የቆመው በአርቢው ቃል ላይ ነው። ለዚህ ነው በኋላ ላይ ዲኤንኤ የጨመሩት። አንድ ወንድ ውሻ በዕድሜው 7 ጊዜ ካስወለደ፣ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ከ3 ጊዜ በላይ ካስወለደ፣ የዲኤንኤ ናሙናው መግባት አለበት። እሱም ቢሆን አባትየው ማን እንደሆነ ለማጣራት ነው፤ ስለ ጤና አይናገርም። ኤኬሲ ራሱ ወረቀታችን የጥራትም የጤናም ዋስትና አይደለም ብሎ በግልጽ ይጽፋል። ሻጮቹ ናቸው ይህቺን የሚዘሏት።

«ሊሚትድ» ማለት ውሻሽ ተመዝግቧል፣ ልጆቹ ግን አይመዘገቡም ማለት ነው። የቁንጅና ውድድር ላይ አይቀርብም፣ የታዛዥነትና የዝላይ ውድድር ግን ይችላል። ያንን ወደ ሙሉ የሚቀይረው አርቢው ብቻ ነው። ስለዚህ 700 ዶላሩ የማራባት መብት ነው። ናቲ የሚፈልገው ኳስ የሚያመጣለት ውሻ ከሆነ 700ውን ለመኖ አድርጊው፣ ሸፐርድ ሲበላ ገና አላየሽም።

«ሲኬሲ» ላይ ግን ቆም በይ። ሁለት ናቸው። አንዱ የካናዳው ኬነል ክለብ ነው፣ ከ1888 ጀምሮ ያለ። እዚያ አገር ንጹህ ዘር ብሎ የሚሸጥ ሰው ወረቀቱን በራሱ ወጪ በ6 ወር ውስጥ አውጥቶ ለገዢው እንዲሰጥ ሕግ ያስገድደዋል። ሌላው ኮንቲኔንታል የሚባል፣ በ1991 እዚሁ አሜሪካ የተቋቋመ ነው። ምህጻረ ቃሉ አንድ ነው፣ ድርጅቱ ሌላ፣ ደንቡም ሌላ። ሴትየዋ የትኛው እንደሆነ ሳትነግርሽ «ያው አንድ ነው» ካለች እኔ ቅዳሜዬን እዚያ አላጠፋም።

ፒያሳ የነበርኩ፦

ከለንደን ነኝ። ጋሼ ከላይ የጻፉት ትክክል ነው፣ ግን ታሪኩ ከዚህ ከኛ ነው የሚጀምረው፣ እና በጣም ያስቃል።

የመጀመሪያው የውሻ ትርኢት በ1859 ኒውካስል ላይ ተደረገ፣ የአደን ውሾች ብቻ። ሰው ወደደው። ከዚያ በየከተማው ትርኢት ሆነ፣ ከትርኢቱ ጋር ጭቅጭቁም መጣ። የማን ውሻ ነው ያሸነፈው? የትኛው «ቦብ» ነው? ሁሉም ውሻ ቦብ፣ ሁሉም ውሻ ስፖት ነበራ። ፒያሳ መሀል ላይ ቆማችሁ «ቦቢ!» ብላችሁ ብትጣሩ ስንት ውሻ ይመጣል? እንደዚያ ማለት ነው።

በ1873 ሽርሊ የሚባል ሰውዬ፣ የፓርላማ አባል ነበር፣ ከ12 ሰዎች ጋር ሆኖ ለንደን ውስጥ ኬነል ክለብን አቋቋመ። ወዲያው የመጀመሪያውን የዘር መዝገብ አወጡ፣ ከ1859 ወዲህ ትርኢት ላይ የቀረቡ ከ4,000 በላይ ውሾች ያሉበት። ውሾችን በስም ማስመዝገብ ግን የመጣው በ1880 ነው፤ ዓላማውም የስም መደራረብን ማስቀረት ነበር። በቃ። የቡችላ አባትና አያት ጉዳይ ያኔ ያን ያህል የሚያስጨንቅ አልነበረም። ዛሬ ሰው 2,000 ዶላር የሚከፍልበት ወረቀት «ቦብ በዛብን» ከሚል ቢሮክራሲ ነው የተወለደው።

የስም ጣጣው ደግሞ እስካሁን አላለቀም። ኤኬሲ በአንድ ዝርያ ውስጥ አንድን ስም እስከ 37 ውሻ ድረስ ይፈቅዳል። ከስሙ ኋላ በሮማ ቁጥር ይጨምሩበታል፣ ልክ እንደ ንጉሥ። 38ኛው ቦቢ ሌላ ስም ይፈልግ።

ትዕግሥት ከሚኒሶታ፦

ሁላችሁም ደህና ብላችኋል ግን ዋናውን ነገር እየዘለላችሁት ነው። የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ረዳት ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ ዳልሜሽን መጣ፣ ያ ነጭ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው። ሽንቱን ሊሸና ይቆማል፣ ያምጣል፣ ጠብታ የለም። ፊኛው ጠጠር በጠጠር ሆኗል። ባለቤቱ ስልኩን አውጥቶ «ግን እኮ ወረቀት አለው» ይለኛል! ከነአያት ቅድመ አያቱ ፎቶ አንስቶ ይዞታል።

ችግሩ ያለው እዚያው ወረቀቱ ላይ ነው። መዝገቡ ዝግ ነው። ዝግ ማለት መዝገቡ ላይ ከሌሉ ወላጆች የተወለደ አይገባም። ስለዚህ በየትውልዱ የሚጋቡት እነዚያው ዘመዳሞች ናቸው። ዳልሜሽን ውስጥ ዩሪክ አሲድን (ያ ፊኛ ውስጥ ጠጠር የሚሆነውን) በአግባቡ የሚያስወግደው ጤነኛው ጂን ጨርሶ ጠፍቶ ነበር፣ አንድም የተመዘገበ ውሻ አልነበረውም። ከየት ያመጡታል? ከውጭ ነው እንጂ። በ1973 ሮበርት ሻይብል የሚባል የዘረ መል ተመራማሪ አንዷን ዳልሜሽን ፖይንተር ከሚባል የአደን ውሻ ጋር አዳቀለ። አንዴ ብቻ። ከዚያ በኋላ በየትውልዱ ከዳልሜሽን ጋር ብቻ፣ የፖይንተሩ ደም በግማሽ በግማሽ እየቀነሰ ሄደ፣ ጤነኛው ጂን ግን ቀረ። በዓይን ብታዩአቸው ዳልሜሽን ናቸው። በ1981 ኤኬሲ ሁለቱን መዘገበ፤ የዝርያው ክለብ አባላት «ዘራችን ተበረዘ» ብለው ጮኹ፣ ምዝገባው ቆመ። እንደገና የተፈቀደው በ2011 ነው። ሠላሳ ዓመት! በዚያ መሀል ስንት ውሻ ፊኛው ተቀደደ።

እኛ አገር እኮ ሽማግሌ ሰባት ቤት የሚቆጥረው ለምንድነው? ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። እነዚህ ደግሞ ሰባት ቤት ቆጥረው ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው፣ የሚያጋቡት እዚያው ውስጥ ነው። አባትና ሴት ልጅ ሲዳቀሉ የሚወለደው ቡችላ የዝምድና መጠኑ (ከእናትም ከአባትም ያንኑ አንድ ጂን የመውረስ ዕድሉ) 25 በመቶ ይሆናል፣ የአጎት ልጆች ሲሆኑ 6.25። የእንግሊዙ ክለብ አባትን ከልጁ፣ ወንድምን ከእህቱ አዳቅሎ የወለደን አልመዘግብም ያለው በ2009 ነው፣ ያውም ትልቅ ጩኸት ተነስቶ ቢቢሲ ትርኢታቸውን ማስተላለፍ ካቆመ በኋላ። ኤኬሲ አሁንም አይከለክልም። እህቴ፣ ልጅሽን ወደ መጠለያ ውሰጂው፣ ቅልቅል ውሻ አምጡ። እኔ ብሆን እንደዛ ነው የማደርገው።

አሠልጣኙ ከቨርጂኒያ፦

ትዕግሥት፣ የዳልሜሽኑ ነገር እውነት ነው፣ አልከራከርሽም። መጠለያውም ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባትና ልጅ መሆናቸውን በምን ታውቂ ነበር መዝገቡ ባይኖር? 6.25 ያልሽውን ያሰላሽው ከምን ላይ ነው? ሰባት ቤት የሚቆጥረው ሽማግሌም እኮ መዝገብ ነው፣ በጭንቅላቱ የያዘ። እሱ ባይኖር ማን ከማን እንደሚዛመድ የሚያውቅ የለም። መጽሐፉን አንወቅሰው፣ የሚገልጠው ሰው ለምን እንደሚገልጠው ነው ነገሩ።

ሸፐርዱን ልንገራችሁ፣ እሱን አውቀዋለሁ። ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የሚባል የፈረሰኛ መኮንን በ1899 ጀርመን ውስጥ ካርልስሩኸ ላይ ትርኢት ሊያይ ሄደ፤ አንድ የበግ ጠባቂ ውሻ አየ፣ እዚያው ገዛው። ስሙን ቀየረው፣ ሆራንድ ፎን ግራፍራት አለው። በዚያው ወር ክለብ አቋቋመ፣ መዝገብ ከፈተ፣ ቁጥር 1 ላይ ያንን ውሻ ጻፈ። ከዚያ ሆራንድን፣ የሆራንድን ልጆች፣ የልጅ ልጆቹን እርስ በርስ አዳቀለ። ስለዚህ ናቲ የሚገዛው ሸፐርድ በየትኛውም መንገድ ብትቆጥሪው እዚያ ሰውዬ ግቢ ነው የሚደርሰው። ትዕግሥት እዚህ ላይ ልክ ነሽ።

ግን ያው ክለብ፣ እዚያው ጀርመን፣ ለማራባት የሚፈቅደው ዝም ብሎ አይደለም። ውሻው የዳሌና የክርን ራጅ ይነሳል። 20 ኪሎ ሜትር ከብስክሌት ጎን እየሮጠ ጽናቱ ይፈተናል፣ ሥራ ላይም ይፈተናል። ይሄን አልፎ ነው ለዘር የሚመረጠው። አሜሪካ ያለው መዝገብ ይህን አይጠይቅም፤ ወላጆቹ ተመዝግበዋል ወይ፣ አዎ፣ በቃ። ሁለቱም «ወረቀት» ይባላል። የጀርመኑም ዳሌ አይታመምም ማለት አይደለም፣ ይታመማል፣ ግን ቢያንስ ራጁን ያየ ሰው አለ።

ቦሌ ጠባቂ፦

ከአዲስ አበባ። እኔ በ«ንጹህ ጀርመን» የገዛሁት ውሻ ጆሮው እስካሁን አልቆመም፣ ዓመት አለፈው። ሻጩ የኤፍሲአይ ወረቀት ብሎ ባለ ቀለም ፎቶ ኮፒ አሳይቶኝ ነበር። እኔም አመንኩ። ሰፈር ውስጥ «ጀርመኑ ከበቆጂ ነው» እያሉ ይስቁብኛል። 😂 ብቻ ሌባ አያሳልፍም።

አሠልጣኙ ከቨርጂኒያ፦

ቦሌ፣ ጆሮው ባይቆምም ካልነከሰህ አትርፈሃል። ለሌላ ጊዜ ግን፣ ኤፍሲአይ የዘር ወረቀት አይሰጥም። በ1911 አምስት የአውሮፓ አገሮች ያቋቋሙት የማኅበራት ማኅበር ነው፣ ቤልጂየም ያለ። ወረቀቱን የሚጽፈው የየአገሩ ክለብ ነው፣ የኤፍሲአይ ምልክት ላዩ ላይ ይኖራል እንጂ። ሻጩ የአገሩን ክለብ ስም ካልነገረህ ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ሌላ ጥቅም የለውም።

ከነታንያ፦

እዚህ እስራኤል የከነዓን ውሻ የሚባል አለ። ለናንተ ክርክር ይጠቅማል ብዬ ነው። በ1930ዎቹ ሩዶልፊና ሜንዘል የተባሉ ሴት በረሃ ላይ በዱር የሚኖሩትን ውሾች ሰብስበው ማላመድና ማሠልጠን ጀመሩ፣ ለጥበቃ። ዝርያው በ1966 ዓለም አቀፍ እውቅና አገኘ። የሚገርመው መዝገቡ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ ነጌቭ በረሃ ውስጥ ከበደዊኖች ጋር የሚኖር ውሻ ዳኛ አይቶት ከተቀበለው ይገባል። አዲስ ደም ይጨመራል ማለት ነው። መልኩ ደግሞ እውነቱን ለመናገር የኛን አገር የመንደር ውሻ ነው የሚመስለው። አባቴ መጀመሪያ ቀን ያየው ጊዜ «ይሄንን ነው በገንዘብ የሚገዙት?» ብሎ ነበር።

ትዕግሥት ከሚኒሶታ፦

@ከነታንያ እንዲህ ያለውን ነው የምለው! ተከፍቶ የሚዘጋ በር ይኑረው ነው።

ጋሼ፣ ሽማግሌው ላይ ያሉት ገብቶኛል። እሺ፣ መጽሐፉን ተውኩት። የናቲ እናት፣ መግዛትሽ ካልቀረ እንግዲያው እንዲህ አድርጊ። የቡችላውን ሳይሆን የእናቱንና የአባቱን የምዝገባ ቁጥር ጠይቂ። የኤኬሲ ከሆነ በፊደል ጀምሮ በቁጥር ይቀጥላል። ከዚያ ኦኤፍኤ የሚባል ድርጅት አለ፣ ከ1966 ጀምሮ የውሻ ዳሌ ራጅ እያነበበ ደረጃ የሚሰጥ። ድረ ገጹ ላይ ቁጥሩን ወይ ስሙን አስገቢ፣ ነፃ ነው። ዳሌውና ክርኑ ይወጣልሻል። የመጨረሻ ደረጃ የሚሰጠው ውሻው 24 ወር ከሞላው በኋላ ነው፣ ስለዚህ እናትየዋ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት ከወለደች ሻጩ «ዳሌዋ ተመርምሯል» ቢልሽ የመጨረሻውን አይደለም። ሁለቱም ወላጆች ምንም ካልወጣላቸው፣ አልተመረመሩም ወይም ውጤቱ ይፋ እንዲሆን አልተፈለገም ማለት ነው። ያኔ ወረቀቱ ወርቅ ቅብ ቢሆን ምን ይሠራልሻል።

እናትየዋን ደግሞ በዓይንሽ እዪያት። ስትነሳ፣ ስትራመድ። ከኋላ እንደ ጥንቸል ሁለቱን እግር አንድ ላይ የምታነሳ ከሆነች ውለሽ አትደሪ።

አሠልጣኙ ከቨርጂኒያ፦

ልክ። እኔ የምጨምረው አንድ ነው፤ «ማመልከቻውን በኋላ በፖስታ እልክልሻለሁ» ካለሽ ገንዘብሽን ኪስሽ ውስጥ አቆይው። ቡችላውንና ወረቀቱን አብረሽ ነው የምትቀበይው። ካልሆነም የእናት አባቱን ስምና ቁጥር፣ የተወለደበትን ቀን፣ የአርቢውን ስም አስጽፈሽ አስፈርሚው።

የናቲ እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሪፖርት ላቅርብ።

የ900ዋን ደወልኩላት፣ «የካናዳው ነው ወይስ ኮንቲኔንታል?» ብዬ ስጠይቃት ዝም አለች፣ ከዚያ «ቡችላው ነገ ሊሸጥ ይችላል» አለችኝ። ይሸጥ። የ1,800ው ሰውዬ ቁጥሮቹን ላከልኝ። ኦኤፍኤ ላይ አባትየው ወጣ፣ «ጥሩ» ይላል፣ ክርኑም ደህና ነው። እናትየዋ ግን ምንም የለም። ጠየቅኩት፤ «የቤት ውሻ ናት፣ ደህና ናት» አለኝ። ጋሼ፣ ትዕግሥት፣ እንደዛ ሲለኝ ሁለታችሁም ጆሮዬ ላይ ነበራችሁ። ተውኩት።

ሦስተኛ አርቢ አገኘሁ፣ ፔንሲልቫኒያ። ገና አልወለደችም፣ ወረፋ አለ። ሁለቱም ወላጆች ኦኤፍኤ ላይ አሉ፣ ከስድስት ትውልድ የዝምድና ስሌት ጋር ልካልኛለች፣ ሳልጠይቃት። ሊሚትድ ብቻ ነው የምትሸጠው፣ ሙሉ አልሰጥም አለች፣ ብትጨምሪም አልሰጥም። ሁለት ሺህ ዶላር። ዋጋው ያማል ግን ተመዝግቤያለሁ። የትዕግሥት መጠለያም ቅዳሜ እንሄዳለን፣ ናቲ ሌላ ወዶ ከወጣ እሱን እንወስዳለን፣ ወረፋዬን እሰርዛለሁ።

ስም ካሁኑ መርጧል፣ ማክስ። ከዚህ በፊት ስንት ማክስ እንደተመዘገበ ማን ያውቃል፣ ቁጥሩ ካለቀ ኋላ ላይ የቤታችንን ስም እንጨምርበታለን። እናቴ ትናንት ደውላ ነበር። ስለ ምንጣፉ ምንም አላለችም። «ማክስ ምን የሚሉት ስም ነው፣ ቡቺ በሉት» ብላ ዘጋችብኝ።